«ለአንድ ሰው ተብሎ መድኃኒት አይጠየቅም» ላሉት ኃላፊ

ለወረዳችን ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት
የመድኃኒት አቅርቦት የሥራ ሂደት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና አብረውዎት የሚሠሩትን ሰዎች ጤንነት እጠይቃለሁ። እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? እህል ይጣፍጥዎታል ወይ? ጠዋት ሲነቁ ደረትዎ ላይ የተቀመጠ ሸክም የለም ወይ? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። ሦስቱም ነገር የጠፋበት ሰው ምን እንደሚመስል ስለማውቅና ለጠላቴ እንኳ ስለማልመኘው ነው። ሁሉም ደኅና ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ ጤነኛ ካልሆኑ ለእኛ የሚፈርምልን የለምና።

ስሜ ባዬ ደስታው ይባላል፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ ባለው ሾላ ሜዳ በሚባል ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። የታመምሁት በሽታ ድብርትና ጭንቀት ይባላል። ስሜንና የበሽታዬን ስም በአንድ ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ወረቀቱንም ሰው ሁሉ እንዲያነበው የፈቀድሁበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

በሽታው የጀመረኝ በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። እርሻ መካከል እርፉን እንደጨበጥሁ ቆሜ ቀረሁ። በሬዎቹ መጠበቅ ሲሰለቻቸው ዞረው አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አመድ አመድ አለኝ፤ ሰው ወደ ቤቴ ሲመጣ ልቤ እንደሚሳደድ ሰው ይመታ ጀመር። በጽሕፈት ቤትዎ ያነጋገሩኝ አንድ ባለሙያ ምን ደርሶብህ ነው ብለው ደጋግመው ጠይቀውኝ ነበርና መልሱን አሁንም እጽፋለሁ፤ ምንም አልደረሰብኝም። በ1989 በመሬት ድልድሉ ጊዜ ግማሽ እርሻዬ ሲሄድ ተቆጣሁ፤ ቁጣ የጤነኛ ሰው ነገር ነው። ትልቁን ልጄን ወባ ሲገድልብኝ አለቀስሁ፤ ለቅሶም የጤነኛ ሰው ነው። ይኸኛው ግን ቁጣም ለቅሶም የሌለበት ነበር። ባለቤቴ ንግሥቴ ወደ ዓመት ተኩል በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ክፉም ደግም ቃል ከአፌ እንዳልሰማች ትናገራለች፤ ተሳዳቢነቴን የሚያውቁ ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ ሕመም እንደሆነ ይመሰክሩልኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ያደረግሁት በጽሕፈት ቤትዎ ያለ ቁጥር የሚታይ ነገር እንደሌለ ስለተረዳሁ ነው።

አንደኛ፤ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። በእርስዎ ላይ ክስ ከመደርደሬ በፊት የራሴን አስቀድማለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በጥፋት ብቻውን እንዳይሆን ነው።

በ2004 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ከጤና ጣቢያችን አንድ መድኃኒት ተሰጠኝ። በከረጢቱ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» የሚል ተጽፎበታል። እኔ ፊደልን ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ይሁንና በጾም የምበላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምግብ አንድ ጊዜ ከሆነ ከምግብ በኋላ የሚዋጠውም አንድ ጊዜ ነው ብዬ ፈረድሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ከሦስት እንክብል አንዱን ብቻ እየዋጥሁ ቆየሁና በፋሲካ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄጄ መድኃኒታችሁ አይሠራም አልሁ። እነርሱም ስንት ትወስድ ነበር ብለው አልጠየቁኝም። «አልሠራም» ብለው ጽፈው ወደ ሌላ መድኃኒት አዛወሩኝ። ሁለታችንም እርግጠኞች ነበርን።

ይህንን ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደ ሥላሴ የነገርኋቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እርሳቸውም በእድሜ ስለማይበልጡኝ ብዙ ጊዜ የሚታገሡኝ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልታገሡኝም። «መድኃኒት ጾም ይሽራል ብሎ ማን ነገረህ? እኔ መቼ ሞትሁና ሳትጠይቀኝ ቀረህ? ራስህ ዳኛ፣ ራስህ ዘበኛ ሆነህ ራስህን አሰርህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጾምም ቢሆን ጠዋት እውጣለሁ።

ሁለተኛ፤ ያዛወሩኝ መድኃኒት በሦስተኛው ሳምንት ስላለቀ አመሰግናለሁ። በዚያ መድኃኒት እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ምላሴም ይደርቅ ስለነበር ማለቁን እንደ በጎ አድራጎት ቆጥሬው ነበር። ኋላ ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ የዚህ በሽታ መድኃኒት ሥራውን የሚያሳየው ከአንድ ወር በላይ ሲወሰድ ነው፤ መንቀጥቀጡም በመጀመሪያው ሰሞን የሚመጣና የሚሄድ ነው። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ክፉውን ሳምንት በሙሉ ሰጥቶኝ ደጉ ሊመጣ ሲል ግምጃ ቤቱን ዘጋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ስፍር አውቆም ለማድረግ ያስቸግራል።

በዚሁ ተራ ቁጥር ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ሰጠኝ ምክርም ላመስግን። መድኃኒቱን በመጠበቅ ላይ ሳለሁ፣ ሥራ ይዤ እንድውልና በአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ ውይይት ላይ ተሳትፎዬን እንዳሳድግ ተመክሬ ነበር። ተሳትፌአለሁ። አራት ሰዎች ስለ ማዳበሪያ ሲወያዩ እኔ አምስተኛ ሆኜ ተቀምጬ ከቤቱ ወጥቼ እንዳልሮጥ መደቡን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ሁሉም በንቃት ተሳትፈዋል» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛ፤ በ2005 ዓ.ም. መስከረም ወር ንግሥቴ ቋጥራ ያቆየችውን ይዤ ባሕር ዳር ሄድሁ። የዚህን በሽታ ሐኪም ለማየት በሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ነበር። ወንበሩ ሲነቃነቅ ቀና አለ። ክንፈሚካኤል ነበር።

ክንፈሚካኤል ማን እንደሆነ ለማያውቁ፣ የእርሻችን ድንበር አንድ የሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ማኅበር የጠጣን ጎረቤቴ ነው። እርሱም አየኝ፤ እኔም አየሁት። «ለዓይኔ ነው የመጣሁት» አለኝ። እኔም የፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮኝ ነው፣ አረፍ ልበል ብዬ ነው የተቀመጥሁት አልሁት። የዓይን ሕክምናው ግቢውን ተሻግሮ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ከዚያ ግቢ ውስጥ የለም። እርሱን ጠርተውት ገባ፤ ወጣ። እኔን ጠሩኝ፤ ገባሁ፤ ወጣሁ። በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ወንበር ተመለስን። እንጅባራ ላይ ቅቅል ድንች ገዝቶ አካፈለኝ። ከዚያ እስከ ቡሬ ድረስ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዳፕና ስለ ዩሪያ አወራን። ሁለታችንም ኪስ ውስጥ ስድሳ ስድሳ እንክብል ነበር፤ አንድ ዓይነት።

ክቡር ሆይ፣ ያ መድኃኒት ሠራ። ይህንን በተለይ እንዲመዘግቡልኝ እለምናለሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ዘንድ የተሳካ ነገር መመዝገብ እንደሚወደድ አውቃለሁ። ኅዳር ውስጥ፣ በሰባተኛው ሳምንት፣ የሰው ላም ያልታጨደ ጤፌ ውስጥ ገብታ አየሁና ተቆጣሁ። ላሟን፣ ባለቤቷን፣ የባለቤቷን ዘር ማንዘር በስም እየጠራሁ ሰደብሁ። ንግሥቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ምሰሶውን ተደግፋ አለቀሰች። በአርባ አራት ዓመት ትዳራችን ስድቤ ደስ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ያን ቀን እህል ጣፈጠኝ። ያን ሳምንት እርፍ ጨበጥሁ።

አራተኛ፤ ሁለተኛውን ወር ስጨርስ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወደ ጤና ጣቢያችን ሄድሁ፤ ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ በየወሩ ከቅርቡ ይሰጥሃል ብሎኝ ነበርና። መድኃኒት ቤቱን የምትይዘው ሲስተር ትርሲት ወረቀቱን አየች፣ መደርደሪያዋን አየች፣ እኔን አየች። «አባባ፣ ይህን መድኃኒት የሚጠይቀኝ በዚህ ጤና ጣቢያ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለወረዳ እጽፋለሁ፤ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም» አለችኝ። ጻፈች፤ ደብዳቤዋን አይቻለሁ። እኔም ጻፍሁ። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉትን የግል መድኃኒት ቤቶችም ዞሬ ጠየቅሁ፤ ፈላጊ የለውም ብለው አያመጡትም። ባሕር ዳር ድረስ ተመልሼ ብሄድ ደግሞ በአዲሱ መመሪያ መሠረት ከወረዳህ ውሰድ ተባልሁ።

ለሦስተኛው ደብዳቤዬ መልስ በመስጠትዎ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። «ለአንድ ሰው ተብሎ መድኃኒት አይጠየቅም፤ ተጠቃሚዎች ከአምስት በላይ መሆናቸው ሲረጋገጥ ጥያቄው የሚታይ ይሆናል» ይላል። በዚያው ወር በቀበሌ ስብሰባ ላይ የወረዳው የመድኃኒት አቅርቦት መቶ በመቶ እንደተሳካ ሲነበብ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ከሰው ጋርም አጨብጭቤአለሁ። ነገሩ እውነት ነው። ያልተጠየቀ መድኃኒት ጎደለ ተብሎ አይመዘገብም። ለአንድ ሰው ካልተጠየቀ ደግሞ የጎደለበት ሰው የለም ማለት ነው። የቤቴ መጸዳጃ ጉድጓድ ተቆጥሯል፤ አጎበሬ ተቆጥሯል፤ ዶሮዎቼም ተቆጥረዋል። እኔ ብቻ ከመቶው ውጭ ሆንሁ።

ከኅዳር መጨረሻ በኋላ የሆንሁትን አልዘረዝርም። አዛኝ ፈልጌ አልጻፍሁም። ቀስ በቀስ ዝም አልሁ፤ ንግሥቴም ምላጩንና ገመዱን ከቤት አውጥታ ለእህቷ እንደሰጠች አውቅ ነበር፤ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ።

አምስተኛ፤ በየካቲት ዘጠኝ ቀን ክንፈሚካኤል ሞተ። ሲሻገር ወንዝ ወሰደው ተባለ። የካቲት ላይ የዚያ ወንዝ ውኃ ከጉልበት በታች ነው። ቀባሪው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ቀባሪው ሁሉ ወንዝ ወሰደው አለ፤ እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ ወንዝ ወሰደው አልሁ። ቄስ ወልደ ሥላሴም ምንም ሳይጠይቁ ፍትሐቱን አደረሱ። ለዚህ የሥርዓት መጣስ የሚጠየቅ ካለ፣ በፊታቸው ሳልናገር የቀረሁት እኔ ነኝ።

አርባው በወጣ ማግስት ባለቤቱ ዓባይነሽ የቆርቆሮ ጣሳ ይዛ ቤቴ መጣች። «አያ ባዬ፣ ይህ የዓይኑ መድኃኒት ነው። ዓይኑን የሚያመው ሰው ካለ ስጡልኝ፤ እዚሁ ተቀምጦ ከሚበላሽ» አለችኝ። ጽሑፍ የማነብላት እኔ ስለሆንሁ ነው ወደ እኔ ያመጣችው። ከፈትሁት። ሠላሳ አራት እንክብል ነበር። ስሙን አነበብሁ።

ከስድሳው በአምስት ወር ውስጥ የዋጠው ሃያ ስድስት ብቻ ነው። እንዴት እንደሆነ ዓባይነሽ ስለ ዓይኑ የምታወራ መስሏት፣ ሳታውቀው አስረዳችኝ። ክንፈሚካኤል ገና በጥቅምት፣ ሰው እንዳያየው ብሎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተሻግሮ፣ ይህ ሲያልቅ ትሰጡኛላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እነርሱም የሚጠይቀን አንተ ብቻ ነህ፣ ላይመጣ ይችላል አሉት። እርሱ ገበሬ ነው። የሚያልቅ ነገር በእጁ ሲኖር ምን እንደሚያደርግ ከአባቱ ተምሯል፤ ቆጠበ። ክረምት እስኪገባ ዘሩን እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሲብስበት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት እየዋጠ የቀረውን በጣሳ ከደነ። በየቀኑ ካልተወሰደ እንደማይሠራ የነገረው የለም። የሚያውቅ ሰው በድንበሩ ማዶ ነበር፤ እርሱም ስለ ማዳበሪያ ያወራው ነበር።

በወንዙ ወዲህ አንድ ሰው፤ በወንዙ ወዲያ አንድ ሰው። የሁለቱም ደብዳቤ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ መጥቷል። ሲስተር ትርሲት እንደነገረችኝ ከሌሎች ጤና ጣቢያዎችም እንዲሁ አንድ አንድ ተብሎ የተጻፈ አለ። ክቡርነትዎ እያንዳንዱን ለየብቻ አይተው፣ ለየብቻ አንድ ሆኖ ስላገኙት፣ ለየብቻ መለሱ። አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርቦ መደመር የሥራ ዝርዝርዎ ውስጥ እንደሌለ ተረድቻለሁና አልወቅስዎትም። እኔም ከጎረቤቴ ጋር ተደምሬ ሁለት መሆን ስችል ፍርድ ቤት ነው የመጣሁት ብዬአለሁ።

አሁን የማፍርበትን እጽፋለሁ። ከመጋቢት ሃያ ቀን ጀምሮ የሞተውን ጎረቤቴን መድኃኒት እየዋጥሁ ነው። ዛሬ ሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ገና አልዳንሁም፤ ነገር ግን ብዕር ማንሣት ቻልሁ። ይህንን ደብዳቤ የሚያነቡት በክንፈሚካኤል ቁጠባ ነው። አሥራ አንድ ቀርቶኛል። እኔ አልቆጥብም፤ በየቀኑ እውጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እርስዎና እግዚአብሔር ታውቃላችሁ።

ከመዋጤ በፊት ለዓባይነሽ እውነቱን ነገርኋት፤ መድኃኒቱ የዓይን እንዳልሆነ፣ የምን እንደሆነ፣ እኔም ለምን እንደማውቀው። ከእኔም ደበቀ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከእኔም ደበቀ አልኋት። ስለዚህ ነገር በአደባባይ ልጽፍ አስቤአለሁ፣ ስሙን ግን ከፈለግሽ እተወዋለሁ ብላት እንዲህ አለች፦ «ስሙንም ጻፉት። ዓይኑ ደኅና ነበር።»

እነሆ ጻፍሁት።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ከየጤና ጣቢያው አንድ ተብሎ የመጣውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይደምሩልኝ። ከአምስት ካልበለጠ ዳግመኛ አላስቸግርዎትም።

እርስዎ ጊዜ ባያገኙ ግን እኔ መቁጠር ጀምሬአለሁ። በየገበያው ቀን ከእህል ተራው ጥግ፣ ከሾላው ሥር እቀመጣለሁ። አጠገቤ አፉ ጠባብ የሆነ ቅል አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው፣ ወይም ያለበት ሰው በቤቱ ያለ፣ ሲያልፍ አንድ ሽምብራ ይጣልበት። ስም አልጠይቅም፤ ቀና ብዬም አላይም። ሊያነጋግረኝ የሚወድ ካለ አጠገቤ ቦታ አለ። ለዓይኔ ነው ቢለኝ አላምነውም።

የወረዳችንን ሕዝብ ከመጸዳጃው እስከ ዶሮው ሳይታክቱ ቆጥረው ለማይጨርሱት ክቡርነትዎ፣ እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የሞላ ግምጃ ቤት፣ ባዶ ያልሆነ መዝገብ፣ ደርቦ የሚያይ ዓይን እንዲሰጥዎት እየተመኘሁ፣ እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ድረስ የእርስዎ ታዛዥ አገልጋይ ሆኜ እቆያለሁ።

ባዬ ደስታው
ሾላ ሜዳ ቀበሌ
ሚያዝያ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም፣ በቄስ ወልደ ሥላሴ ፈቃድ
ለወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ቄሱ እንዲያነቡላት

ማሳሰቢያ፤ ለእርስዎ የሚደርሰውን ቅጂ ስድስት ቀን ያዘገየሁት የመጀመሪያውን ገበያ ቁጥር ልጨምርበት ብዬ ነው። ግልባጮቹ ከተለጠፉ በኋላ በዋለው ገበያ ቅሉ ውስጥ የተገኘው ሽምብራ አሥራ ዘጠኝ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አጠገቤ ተቀምጠው አነጋግረውኛል፤ ከሦስቱም አንዱ ከእርስዎው ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ነው፤ ደብዳቤዎቻችን በእጁ ያልፉ እንደነበር ነግሮኛል። ማን እንደሆነ ላልናገር ቃል ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ነገ ቢሮ ሲገቡ ሁሉንም እርሱ እንደሆኑ አድርገው ሰላም ቢሏቸው መልካም ነው። እኔ አምስት እንክብል ቀርቶኛል፤ እርሱ ምን ያህል እንደቀረው አልጠየቅሁትም።